ጭጋግ የሌለበት ጠዋት

የረቅያ አፍ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ባሏ ቡዓዛ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ፣ «የዚችን ሴት ምላስ መኪናዬ ላይ ብገጥመው ኖሮ ነዳጅ ባልገዛሁ» እያለ ገበያተኛውን ሲያስቅ ኖሯል። እሷም ስቃ ታልፈዋለች። ሲብስባት ደግሞ፣ «አንተን ዝም ብዬ ባይህማ ኖሮ ገና ድሮ ጥዬህ በሄድኩ» ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ገና መሪ ሲጨብጥ፣ «በይ እንጂ፣ አውሪልኝ» ይላታል። ለአፍታ ዝም ካለች፣ «ምነው? ተቀየምሽኝ እንዴ? ምን እያየሽ ነው?» ይላል። እሷም ያየችውን ትለፈልፍለታለች። ያ ግመል መንገድ ሊያቋርጥ ነው፣ ያቺ ሴትዮ ደግሞ እንደገና አረገዘች፣ ቲማቲም የጫነው ከባድ መኪና መንገዱን ይዞታል፣ ይኸው የተሰበረው ድልድይ ደረስን። መጀመሪያ ደስ አላት። በስተርጅና ወሬዋ የጣመው ባል ማግኘት ቀላል ነው? ለእህቷ ደውላ ሳይቀር ጉራ ነዛች። ሲሰነብት ግን ነገሩ ያሳስባት ጀመር። ሰው በዚህ ዕድሜው ጠባዩን በከንቱ አይለውጥም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር።

ባልና ሚስቱ ሸክላ ነጋዴዎች ናቸው። ክዳኑ እንደ ጎጆ ጣሪያ የሾለውን ታጂን፣ ጎድጓዳውን ሳህን፣ የውሃውን ማሰሮ ከሳፊ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ይረከቡና በጭድ ጠቅጥቀው በአሮጌዋ መኪናቸው ይጭኑታል። ከዚያ የባሕሩን ዳር ይዘው ከሰኞ ገበያ ወደ ማክሰኞ ገበያ፣ ከማክሰኞ ገበያ ወደ ሐሙስ ገበያ ይሄዳሉ። መኪናዋን መብሩካ ይሏታል። ቤታቸውም ሱቃቸውም እሷው ናት። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የጋዝ ምድጃና አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ አለ፤ ሌላው ሁሉ ሸክላ ነው። በሌላ ቦታ ቤት የላቸውም። ቡዓዛ ካልነዳ መብሩካ አትሄድም፣ መብሩካ ካልሄደች ደግሞ እንጀራ የለም።

መንገዱ ቀልድ አያውቅም። በአንድ በኩል ማሳ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ ከገደሉ በታች ባሕር። በበጋ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ጭጋግ ይነሣና ሁሉንም ይውጠዋል። ስለዚህ ቡዓዛ ባለፉት ወራት አህያ ሊገጭ ሲል፣ መታጠፊያ ሲያልፈው፣ ሰው ሰላም ሲለው ዝም ሲል፣ «ጭጋግ ነው፣ የዘንድሮ ጭጋግ ጉድ ነው» ቢል ማን ይጠረጥረዋል? ረቅያም ጭጋጉን አልጠረጠረችም። የባሕር ዳር ሰው ጥፋቱን ሁሉ በጭጋግ ማላከክ ልማዱ ነው።

አንድ ሰኞ ግን ገበያው ላይ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር መጥታ አረንጓዴ ታጂን አንሣልኝ አለችው። ቡዓዛ ቢጫውን አንሥቶ በጣቱ አንጓ ቆረቆረው፤ ሸክላው እንደ ደወል ጠራ።

«ይሄ የልጅ ልጅሽን ያበላል፣ ልጄ» አለና ሰጣት።

«ይሄ ቢጫ ነው፣ አጎቴ።»

«አውቃለሁ! አንቺ ታውቂ እንደሆን ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ረቅያ አልሳቀችም፤ ራሷ አረንጓዴውን አንሥታ ሰጠቻቸው።

ከጎናቸው ቅመም የምትዘረጋው፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት «ላላ» የሚላት ጣሞ ይሄን ሁሉ አይታለች። ጣሞ ያየችውን ውጣ የምታሳድር ሴት አይደለችም። ምንጣፏን እየጎተተች ተጠጋች።

«ረቅያ እህቴ፣ አትቀየሚኝ እንጂ ባልሽ ዛሬ ጠዋት ከሙን የሞላሁበትን ጆንያ ሰላም አለው። ‹ላላ ጣሞ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆቹስ?› አለው። እኔ ማዶ ቆሜ ሻይ እገዛለሁ። ወፍሬያለሁ፣ አልክድም፤ ግን ያን ያህል ነው?»

«ሲቀልድ ነው» አለች ረቅያ።

«ለጆንያ? ጆንያው እንዳልመለሰለት ሲያውቅ እኮ ተቀየመ!»

ረቅያ በአፏ ብቻ ሳቀች።

ገበያው ሲበተን፣ ሸክላውን በጭድ እየጠቀለሉ ሲጭኑ፣ ነገሩን በሆዷ ልትይዘው አልቻለችም።

«ዓይንህ ምን ሆኗል?»

«ዓይኔ አንቺን ከመረጠ ወዲህ ደህና ሆኖ ያውቃል እንዴ?»

«አትቀልድብኝ፣ አንተ ሰውዬ። እየጠየቅኩህ ነው።»

«ጭጋግ ነው አልኩሽ!» ብሎ የያዘውን ሳህን በጭዱ ላይ ወረወረው። «ከጣሞ ጋር ተቀምጠሽ ሥጋዬን ስትቦጭቂ ዋልሽ፤ አሁን ደግሞ በእኔ ላይ መጣሽ። ያንን ምላስሽን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብትሰበስቢው ምን አለበት?»

ረቅያ እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ ሺህ ጊዜ ሰምታለች፣ በቁጣ ግን ሰምታ አታውቅም። ከእንባዋ ይልቅ እልሁ ቀደመ።

«በሲዲ ጋነም መቃብር ምያለሁ» አለች፣ «የማክሰኞ ገበያ እስክንደርስ ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም!»

በዚያ አገር በወሊዩ በሲዲ ጋነም ምሎ የሚቀልድ የለም። ነጩ ጉልላታቸው ከባሕሩ በላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ መንገደኛውን ሁሉ ያያል። መሐላ አፍርሶ በፊታቸው ያለፈ ሰው ወይ ላሙ ትሞታለች፣ ወይ አፉ ይጣመማል ይባላል። የማክሰኞው ገበያ መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በእግራቸው ሥር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቡዓዛ መሐላውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ቁጣው ከየት እንደ መጣ እንዳልታወቀ ሁሉ ወዴት እንደ ሄደም አልታወቀም። «አንሺው» አላት በቀስታ፣ «መሐላሽን አንሺ፣ ረቅያ። ቀልዴን ነው።» እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ነበር።

ሲነጋ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ቡዓዛ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ፣ ትንሽ የመብሩካን ሞተር ሲነካካ ቆየ፣ ጎማውን በእጁ ዳበሰ፣ መስተዋቱን ደጋግሞ ወለወለ። መሄድ የፈራ ሰው ይመስል ነበር። ረቅያ ሻሏን አገጯ ድረስ ስባ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ከንፈሯን ገጥማለች።

«እሺ» አለ፣ «ቢስሚላህ።»

መንገዱ ከማሳው ወጥቶ ባሕሩን ሲያገኝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀጥሎ ደግሞ ቀነሰ። በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚቀድማቸው መሰላት።

«ባሕሩ እንዴት ነው ዛሬ?»

ዝም።

«ጀልባዎቹ ወጥተዋል? ትናንት የነበሩት በጎች መንገድ ላይ ናቸው? ኧረ ራስሽን ነቅንቂልኝ እንኳ!» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ረቅያ በቁጣዋ ውስጥ ሆና ይህን ሰማችው፤ ምን ለማለት ፈልጎ እንደሆነ ግን ገና አልገባትም። ከኋላቸው አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እያንባረቀ አለፋቸው። መብሩካ ደንግጣ እንደ ሸሸች በቅሎ ወደ ዳር አፈነገጠች፤ ጎማዋ ጠጠሩን ፈጨው። ከጠጠሩ ወዲያ አንድ ክንድ የማይሞላ ሣር አለ፣ ከሣሩ ወዲያ ምንም የለም። ቡዓዛ በጥድፊያ መለሳት። በጆሮ ግንዱ ላብ ይወርዳል። ረቅያ የሻሏን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ለመናገር አፏ እየበላት ነበር፤ መሐላዋ ግን አሰራት።

ከመታጠፊያው ወዲያ የሲዲ ጋነም ጉልላት ብቅ አለ። ከሥሩ፣ መንገዱ መሐል ላይ፣ የባሕር ሣር እስከ ጆሮዋ የተጫነች አህያ ታዘግማለች። ከኋላዋ ቀይ ሻሽ ያሰሩ አንዲት አሮጊት ይነዷታል። ፀሐይዋ ሻሹ ላይ አርፋ ከሩቅ ታበራዋለች። ረቅያ ቡዓዛ ፍሬን እስኪይዝ ጠበቀች። አሁን ይይዛል አለች። አሁን። እጁ መሪው ላይ ተዝናንቷል፣ ዓይኑ ተከፍቶ ፊት ለፊት ያያል፣ አህያዋ ግን እየቀረበች፣ እየገዘፈች መጣች።

«አህያ!» ብላ ጮኸች። «አህያ! ሰው! ቁም!»

መብሩካ እየጮኸች ቆመች። ከኋላ ሸክላው እየተንኳኳ ሲሰባበር ረጅም ጊዜ ተሰማቸው።

አሮጊቷ በመስኮቱ በኩል መጡ። አህያዋ ምንም አልሆነችም።

«ዕውር ነህ? አንተ የማን ዕድለ ቢስ ነህ? በጠራራ ፀሐይ! ዕውር ነህ ወይ?»

በየመንገዱ ሾፌር ሁሉ የሚሰደበው ስድብ ነው። ቡዓዛ ሌላ ጊዜ ቢሆን የአሮጊቷን የዕድሜ ብዛት እያነሣ ይመልስላቸው ነበር። አሁን ሁለት እጁን ከመሪው አላነሣም። አሮጊቷ እየተራገሙ ወደ ጉልላቱ ጥላ ሄዱና አህያቸውን አስረው ተቀመጡ።

«ጭጋጉ...» አለ ቡዓዛ። «የዛሬው ጭጋግ ወፍራም ነው።»

ረቅያ ባሕሩን አየች። የዓሣ ጀልባዎቹ በሩቅ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ሰዎቹ መረብ ሲስቡ እንኳ ይለያሉ።

«ጭጋግ የለም፣ ቡዓዛ።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ምንም።»

ራሱን መሪው ላይ ደፋ። ከዚያ መናገር ጀመረ፤ ለሰው ሳይሆን ለመሪው የሚናገር ይመስል ነበር። በጸደይ በግራው ዓይኑ ጀመረው፣ ነጭ ነገር። በኋላ ቀኙም ተከተለ። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ የመንገዱን ዳር በቀኝ ጎማው ድምፅ ያውቃል።

«ሌላውን አንቺ ነሽ የምታይልኝ» አላት። «ግመል ስትይ እቀንሳለሁ። ድልድዩ ደረሰ ስትይ እጠመዝዛለሁ። ስትተኚ ሻይ አማረኝ ብዬ አቆማለሁ። ከጸደይ ወዲህ በአፍሽ ነው የመጣሁት፣ ረቅያ።»

ረቅያ ያለፉትን ወራት አሰበች። ስንት ጊዜ ነው መንገዱን ትታ ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ ያወራችው? ስንት ጊዜ ነው ቀና ብላ ሳታይ ሽንኩርት እየላጠች የለፈለፈችው? የሰው ነፍስ በምላሷ ላይ ተንጠልጥሎ እሷ ስለ ሙሽራ ቀሚስ ታወራ ነበር!

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባቴን ታስታውሻለሽ። በዚሁ ነጭ ነገር ታወረ። ከዚያ በር ላይ ተቀምጦ ሲያጎርሱት ኖረ። ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ የሚያባርርለት ሰው ይጣራ ነበር።» ቀና አለ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ዓይኑ ግን ጆሮዋ ላይ ነበር ያረፈው። «ስሚኝ። ገበያው ቅርብ ነው። ቁልቁለቱ ብቻ ነው የቀረን። ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ አንቺ ብቻ አውሪልኝ። አሁን ስለምታውቂ ደግሞ የተሻለ ነው። አንቺ ዓይን፣ እኔ እጅ። እስከ ዛሬ መጥተን የለም?»

ቁልፉን አዞረ። መብሩካ ተንቀጠቀጠች፤ ከኋላ የሻይ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ።

«በይ» አላት። «አውሪ።»

እውነቱን ለመናገር ረቅያ ተፈተነች። ከዚህ መኪና ሌላ ምን አላቸው? የማን በር ላይ ሊቀመጡ ነው? ደግሞስ በዕድሜዋ ሙሉ እንደ ሽሮ ወጥ ስትንተከተክ ኖረች የተባለች ሴት፣ ያለ ወሬሽ አልሄድም ተብላ ስትለመን ልቧ አይቀልጥም? ቀልጧል። ቁልቁለቱን አየች። ከታች መታጠፊያው ላይ ሰዎች ወደ ገበያ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ ሴቶች ዶሮ ይዘው፣ አባት ሴት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ። አሮጊቷ ከጥላው ሥር ሆነው ሻሻቸውን ፈትተው ያራግባሉ።

ከንፈሯን ገጠመች።

«ረቅያ?»

ሞተሩ ይጮኻል።

«መሐላሽ እንደሁ ፈርሷል! ሲዲ ጋነም ይቅር ይላሉ፣ በግ አርድላቸዋለሁ። አውሪ እንጂ!» ድምፁ ተሰበረ። «ከነሕይወቴ ልትቀብሪኝ ነው? አንድ ቃል! ቀኝ በይኝ፣ ግራ በይኝ!»

እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፤ እሱ አላየውም። አፏን በሻሏ ያዘችው። በሕይወቷ እንደዚያ የከበደ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ቡዓዛ እግሩን ቤንዚኑ ላይ አደረገ፣ አነሣ፣ እንደገና አደረገ። መብሩካ ግን ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ ቁልፉን መለሰው። ሞተሩ ሲጠፋ የባሕሩ ድምፅ ገባ።

ረቅያ ወረደች፣ በፊት በኩል ዞራ የእሱን በር ከፈተች፣ እጁን ይዛ ትከሻዋ ላይ አኖረችው።

«ውረድ» አለችው። «አሮጊቷ መብሩካን ይጠብቁልናል፣ ያልተሰበረ ታጂን እንሰጣቸዋለን። አውቶቡስ የሚቆመው ከመታጠፊያው በታች ነው። ሳፊ ሐኪም ቤት ድረስ መንገዱን ሁሉ አወራልሃለሁ።»

«ባይድንስ?»

«ባይድን ዝንቡን እኔ አባርርልሃለሁ። ና፣ ደረጃው ዝቅ ይላል።»

ወረደ።

«ከግራ እግርህ ፊት ድንጋይ አለ» አለች። «አለፍነው። አሁን አሸዋ ነው። አህያዋ እያየችህ ነው፣ እሷም ተቀይማሃለች። አሁን ትንሽ ቁልቁለት...»

ጥቂት እንደ ሄዱ ቆመ።

«ምነው?»

«ባሕሩን አልነገርሽኝም።»

ረቅያ ወደ ባሕሩ ዞረች። ቃል ቸግሯት የማያውቅ ሴት ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ጠርጋ፣ ቆየች።

«ሰማያዊ ነው» አለችው።