ወንበር የለም

ወንድሜ ደጅይጥኑ ከጀርመን አገር ዶክተር ተብሎ ሲመለስ ሰቆጣ ጠበበችኝ። ታናሼ ነው። እናታችን ወለተ ሐና ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ጥሩሐረግ ነኝ፤ እንዳሻኝ ብኮራ ማን ይከለክለኛል? የጎረቤቴ የይታየሽ ልጅ ወረዳ ጸሐፊ ሆነ ተብሎ ስንት ዓመት ጆሯችንን ስትበላን ኖራ የለ? በተራዬ እኔም ገበያ መሐል ቆሜ አወራሁ።

ስሙን ያወጡለት አባታችን መሪጌታ ገብረ ኪዳን ናቸው። የቅኔ መምህር ናቸው። በጎልማሳነታቸው አንዲት የደብር ሹመት ፈልገው የባላባት ደጅ ሲጠኑ ጎልማሳነታቸው እዚያው አለቀ። ኋላ ወንድ ልጅ ሲወለድላቸው፣ «እኔ የሰው ደጅ ጠንቻለሁ፤ የዚህን ልጅ ደጅ ሌሎች ይጥኑ» ብለው ደጅይጥኑ አሉት። ልጁ ታዲያ ዶክተር ሆኖ መጥቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አዲስ አበባ ላይ የሰው ደጅ ጠና።

በጥር ወር ከኮረም በበቅሎ መጣ። ከስቶ ነበር። ራት ቀርቦ አባባ ባርከው እንደ ጀመርን፣ «እህሳ፣ የት ሾሙህ?» አሉት።

«የትም አባየ። አንዱ ኮሌጅ ቦታው ተይዟል አለኝ። ሌላው ትምህርትህ ጠባብ ነው አለኝ። ሦስተኛው የማስተማር ልምድ አምጣ አለኝ።»

ሦስተኛውን ኮሌጅ ስሙን ጠርቼ አላከብረውም።

«ልምድ የለህም እንዴ?» አሉ አባባ።

«ካልቀጠሩኝ ከየት ላምጣው? ልምድ ከሌለህ አንቀጥርህም ይላሉ። ካልተቀጠርሁ ደግሞ ልምድ አይገኝም።»

«ይኸማ ካልወለድሽ አታገቢም፣ ሳታገቢም እንዳትወልጂ ማለት ነው!» አልኩ እኔ።

«መጨረሻ ላይ ወንበር የለም አሉኝ» አለ ወንድሜ።

የአባባ እጅ ገበታው ላይ ቀረ። በቤታችን ወንበር ማለት መቀመጫ ብቻ አይደለም። የቤተ ክህነት ሰው ትምህርቱን ጨርሶ፣ መምህሩ መርቆ ካሰናበተው በኋላ፣ ወጥቶ ሲያስተምር «ወንበር ዘረጋ» ይባላል። ተማሪ ከመጣለት መምህር ነው፤ ካልመጣለት የተቀመጠበትን አጎዛ ጠቅልሎ ይሄዳል።

«ወንበር የለም ማለት ምን ማለት ነው? አናጢ ጠፋ?» አሉ አባባ። «ወንበር ይዘረጋል እንጂ ይለመናል እንዴ? ለመሆኑ ሰዋስው ነው የተማርኸው አይደለም?»

«አዎ። የአገውኛ ሰዋስው።»

ወንድሜ ከጀርመን አገር «ሰዋስው እያጠናሁ ነው» ብሎ በጻፈ ቁጥር አባባ የግዕዝ መስሏቸው ለካህናቱ ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል። ነጭ አገር ድረስ ሄዶ ግዕዝ የተማረ ልጅ እያሉ!

«አገውኛ ደግሞ ምን ሰዋስው አለው? የገበያና የጓዳ ቋንቋ!» አሉ አባባ።

የወንድሜ ፊት ጠቆረ። ራሱን ነቅንቆ፣ «እነሱም እንደዚሁ ነው ያሉኝ» አለ። «አንድ መሥሪያ ቤት የጸሐፊነት ሥራ ሰጥቶኛል። ዶክተርነቱን እርግፍ አድርጌ ልገባበት ነው።»

ጸሐፊ! የይታየሽ ሳቅ ከወዲሁ ተሰማኝ። ግን እውነቱን ለመናገር የልጁ ዓይን ነው አንጀቴን የበላው።

አባባ እጃቸውን ታጠቡና፣ «በል ስማ» አሉት። «ተማሪዎቼ ማለዳ የኔ ናቸው። ከረፋድ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ወንበርህን ዘርጋ። ተማሪ ከተቀመጠልህ መምህር ነህ። ከሸሸህ ጸሐፊነትህን ግባ፣ ማንም አይከለክልህም።»

በማግስቱ ወንድሜ ወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተማሪዎቹ ለወሬ ያህል መጡ። የግዕዝ ግስ በቃል እየተዘረዘረ እንደሚወርደው አድርጎ የአገውኛ ግስ ማውረድ ሲጀምር ሳቁበት። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ሲስቅ አያድርስ ነው። ከሁሉ በላይ ያስካካው ተስፋው የሚባል የጋዝጊብላ ጎረምሳ ነበር። አባባ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ዳዊቱ ግን አልተገለጠም።

«ተስፋው፣ ተነሥ» አለ ወንድሜ። «‹ሄድኩ›ን በአገውኛ በል።»

አለ።

«‹ሄደች› በል። ‹ብንሄድ› በል። ‹ሳይሄዱ› በል።»

ተስፋው ሁሉንም ሳይደናቀፍ አለ።

«አንዱንም አልሳትህም። ማን አስተማረህ?»

«ማንም። እናቴ።»

«እንግዲያስ እናትህ ሰዋስው ታውቃለች።»

ሳቁ ቆመ። እኔ በጓሮ በኩል ሽሮ አሰጣ ነበር። እናታችን አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛ ሲያቅታት ካህናቱ ይስቁባት ነበር። አንድ ቀን ከጠበል ጠዲቅ ድግስ ላይ ተነሥታ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ወንድሜ ሕፃን ነበር፤ ይህን አያውቅም። ሄዶ ሄዶ የተማረው ግን የእሷን ነገር ነው። ሽሮውን ትቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! ከጽጽቃ ሳይቀር ተማሪ መጣ። ቁራሽ ፍለጋ ሲሄዱ እንኳ በየመንገዱ የአገውኛ ግስ ያወርዱ ጀመር። አባባ አንድም ቃል አልተናገሩም። ብቻ ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚደግሙበት ቦታ ከጎጆው ደጃፍ ወደ አጥሩ ጥግ መጣ። ለፋሲካ ደግሞ ከወይራው ብዙም አይርቁም ነበር። «ጥላው ይሻላል» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ወንድሜ ጸሐፊነቱን ትቶ እንደገና ለሦስተኛው ኮሌጅ አመለከተ። በልምድ ፋንታ ወይራው ሥር ያስተማረበትን ጉባኤ ጻፈ። ምስክር ሲፈልግ አባባን ለመነ።

«በወረቀት አልመሰክርም» አሉ። «መጥተው ይጠይቁኝ፤ ያየሁትን እናገራለሁ።»

ምን እንዳዩ ግን አይናገሩም። ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። ገብረ ኪዳን ለልጃቸው ብለው ቃል እንደማያጣምሙ አገር ያውቃል። «የገበያ ቋንቋ ነው» ካሉ አለቀለት።

ኮሌጁም አላመነ ኖሮ በግንቦት አጣሪ ላከ። አቶ ምንዋጋው ይባላል። ከረባቱ አቧራ ለብሶ፣ ከበቅሎ ወርዶ፣ ደጃችን ላይ ቆመ።

«ዶክተር ደጅይጥኑን ፈልጌ ነበር።»

«ወንበር ላይ ነው» አልኩት እኔ።

«ቢጠሩልኝ። የመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው።»

«እሱም ከጀርመን ነው የመጣው» አልኩት። «ወንበር ላይ ያለ መምህር አይጠራም ጌታየ። ራስም ደጃዝማችም ቢመጣ ይጠብቃል።»

«እስከ መቼ?»

«ግሱ እስኪወርድ።» ፀሐዩ አሳዘነኝና ጠላ ቀድቼ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩት። «ስሙን ጠርተውት የለ? ደጅይጥኑ ነው። እስቲ ትንሽ ይጥኑ።»

ወንድሜን እነሱ ያን ሁሉ ወር ኮሪደር ለኮሪደር አመላልሰውታል። አንድ ረፋድ ቢጠና ምን ይሆናል? እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ከዚያ የሚበልጥ እንዳለ ገና አላየሁማ። የተማሪዎቹ ድምፅ ሰከን ሲል ይዤው ገባሁ።

ገብቼ ደርቄ ቀረሁ። ወንድሜ ድንጋዩ ላይ የለም። የአባባ ወንበር ከጎጆው ወጥቶ ወይራው ሥር ቆሟል፤ አጎዛው ተነጥፎበታል፤ ላዩ ላይ ደጅይጥኑ ተቀምጧል። እዚያ ወንበር ላይ ከአባባ ሌላ ሰው ተቀምጦ አላየሁም። አባባን በዓይኔ ፈለግሁ። በተስፋው አጠገብ፣ ከተማሪዎቹ መሐል፣ እግራቸውን አጣጥፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«መሪጌታ ገብረ ኪዳን የትኛው ናቸው?» አለ አቶ ምንዋጋው።

ወንድሜ ደንግጦ ሊነሣ ሲል አባባ፣ «ተቀመጥ፣ አልጨረስህም» አሉት። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞሩ። «ገብረ ኪዳን እኔ ነኝ ልጀ።»

«ስለ ልጅዎ ማስተማር ምስክርነት ይሰጣሉ ተብሎ ነበር።»

አባባ በጎናቸው ያለውን መሬት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ጎልማሳነቴን ደጅ ጥናት በላው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜየን ያሳለፍሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ዛሬ ወርጄ እዚህ ተቀምጫለሁ። ሌላ ምን ልመስክር?»

ሰውየው ግራ ገብቶት መቀመጫ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አየ።

«ወንበር የለም» አሉት አባባ፣ በጨዋ አነጋገር። «ተይዟል። እዚህ ቁጭ በል።»

ከረባቱን ወደ ትከሻው ጣል አድርጎ ተቀመጠ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ ግሱን ካቆመበት ቀጠለ፤ አባባም በእናታችን ቋንቋ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀበሉት።

የቅጥሩ ደብዳቤ የደረሰው ለመስቀል ነው። እኔ ግን ወንድሜ የተሾመው ያን ረፋድ ነው ባይ ነኝ፤ ለይታየሽም እንዲሁ ነው የነገርኳት።