ባለ ብልቃጧ እህት

ሰፈሩ «ብልጭታ» ይለዋል። በያጅ ነው፤ ያውም ጭንብሉን ከፊቱ ይልቅ ግንባሩ ላይ ማዋል የሚወድ። «አንዲት ነጥብ ብቻ» ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ይበይዳል። ወይ መጨፈን! ማታ ዓይኑ አሸዋ የሞላበት ያህል እየቆረቆረው አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያመሻል።

እህቱ አንጀቷ አልቻለም። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ መድኃኒት ቤት ገብታ ነጭ ጋዋን የለበሰችውም በእሱ ላብ ነው። ሐኪሞች ዓይን ከመንካታቸው በፊት የሚያደነዝዙበትን ጠብታ ከመደርደሪያ አንስታ አመጣችለት። ጠብ ስታደርግለት ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ። «እጅሽ ይባረክ!» አላት። ሲደጋገም ብሌን ስለሚጎዳ ለቤት እንደማይሰጥ ታውቃለች፤ ለዛሬ ብቻ ብላ ነበር። ግን ባለቀ ቁጥር ትተካለታለች፤ እሱም ብልቃጧን ከኪሱ አይለያትም። እንዲህ እንዲህ እያለ የቀኝ ዓይኑ ብሌን ነጭ ሆነ።

ክሊኒክ ተራ ሲጠብቁ ብልጭታ ሁሉንም አዋራ። አንዱን ሾፌር ዓይኑን እሾህ ወግቶት ቁስሉ መርቅዞበታል። የአንዲት ተማሪ ብሌን እየሳሳ ወደ ውጭ ሾሏል። አንዲት እናት ደግሞ ቀድሞ የተተከለላቸውን ብሌን ሰውነታቸው አልቀበልም ብሎባቸዋል።

«እኔን የገዛ ሥራዬ ነው የበላኝ» አለ እየሣቀ። እህቱ ወለል ወለሉን ታያለች።

ሐኪሟ ዓይኑን በመብራት መረመረችው። «ብሌኑ መተካት አለበት። ከሞተ ሰው የተለገሰ ሲገኝ እንጠራዎታለን። ግን ይሄ የብየዳ ብርሃን ብቻ ያመጣው አይመስለኝም። ዓይንዎ ላይ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

እህትየው ፈራች፤ ከሥራዋ መባረር አይደለም ያስፈራት፣ የወንድሟ ፊት ነው።

«ምንም! ዝም ብዬ ያገኘሁትን አላስነካም» አለ ብልጭታ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እህቴ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። እሷ ባትኖር ገና ድሮ ታውሬ ነበር።» ብልቃጧን አውጥቶ ለሐኪሟ ሰጣት። «አዲሱ ሲገባልኝም በዚችው እቀጥላለሁ አይደል?»

ሐኪሟ ጽሑፉን አነበበች። ቀና ስትል ያየችው እሱን አልነበረም።

«ጋሼ» አለች እህቱ።

«አቤት የኔ እናት።»

«ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» እንባዋ መጣ። «ያቺ ጠብታ ናት።»

«ተይ እንግዲህ፣ እዚህም ቀልድ!» አለና ሣቀባት፤ ብልቃጧን እንድትመልስለትም እጁን ወደ ሐኪሟ ዘረጋ።