የልጄ አፍ እኔ ነበርኩ

እኛ ቤት የልጄ አፍ እኔ ነበርኩ። ልጄ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፤ የሚያወራው በእጁ ነው። እሱ በእጁ ያለውን እኔ በአፌ አደርሳለሁ። ታዲያ ልብስ ሰፊ አይደለሁ? የረዘመውን አሳጥሬ፣ የሚኮሰኩሰውን ገበር አልብሼ ነው የማደርሰው። አክስቱ ራሷ የሠራችውን ቡናማ ሹራብ ስታመጣለት፣ "ይሄንን ለውሻው አልብሱት" አለ። እኔ "እጅሽ ይባረክ ይልሻል" አልኳት። ደስ አላትና በዓመቱ ሌላ ቡናማ ይዛ ከች አለች። ምን ላድርግ? ዘመድ የሚከርመው በይሉኝታ ነው።

የሕንፃ ንድፍ ሊማር ኮሌጅ ሲገባ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል አስተርጓሚ መደበለት። ቀጠን ያለች ልጅ ናት፤ ከጥቁር ሸሚዝ ሌላ ለብሳ አይቻት አላውቅም። ሐዘን ላይ ያለች መስሎኝ አንጀቴን በላችኝ። በኋላ እንዳልሆነች ሳውቅ፣ "አበባ ያለው ሸሚዝ ልስፋልሽ?" አልኳት።

ሳቀች። "እናቴ፣ አበባ ላይ እጄ ጎልቶ አይታይም። ልጅዎ ቀኑን ሙሉ የሚያየው እጄን ነው፤ ዐይኑ እንዳይደክም ብዬ ነው።"

እኔ ስንት ዘመን ስሰፋ ኖሬ ለሰው ዐይን ተጨንቆ የሚለብስ አላየሁም ነበር። በሆዴ አከበርኳት።

በመጨረሻው ዓመት ልጄ የነደፈውን የተማሪዎች ማደሪያ ፈታኞች ፊት ቆሞ ማስረዳት ነበረበት። ከወደቀ ምርቃት የለም። ጠዋት በር ላይ ጠብቄ ልጅቷን ያዝኳት።

"አደራሽን፣ ልጄ ቆጣ ይላል። ለስለስ አድርጊለት።"

"እሱ ካለሰለሰ አለሰልሳለሁ" አለችኝ። "እሱ ያላለውን አልጨምርም፣ ያለውንም አልቀንስም። ክፍሉ ውስጥ የተሰማ ነገር ሁሉ ደግሞ በእጄ ይደርሰዋል። ሳል እንኳ ቢሆን።"

ይቺ ደግሞ ድርቅ ያለች ናት አልኩ።

እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጄ ንድፉን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ በእጁ ማስረዳት ሲጀምር፣ የእሷ ድምፅ "እኔ ይህንን የነደፍኩት..." ይላል። "እሱ እንዲህ ይላል" የሚባል ነገር የለም፤ "እኔ" ብቻ። ዋናው ፈታኝ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ መምህር፣ "ኮሪደሩን ለምን እንዲህ አሰፋው? እስቲ ጠይቂው" አሏት።

"እሱኑ ያናግሩት፣ ይደርሰዋል" አለች በትሕትና።

ሽማግሌው ወደ ልጄ ዞሩ። "ኮሪደርህ በጣም ሰፍቷል። ቦታ አባክነሃል። ስህተት ነው።"

የልጄ እጅ ተወረወረ። እሷም በዚያው ቁጣ፣ "ስህተቱ የእኔ አይደለም። መምህር፣ የእርስዎ ነው" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣስ? ዐይኔን በጨው አጥቤ ተነሣሁ። "ጌታዬ፣ ይማሩልኝ! መስማት የማይችል ምስኪን ነው፤ ይዘኑለት" እያልኩ ለመንኩ። እኔ ስናገር የልጅቷ እጅ ይሠራል። አንዲት ቃል አላስቀረችም፤ "ምስኪን" ያልኩትንም። ልጄ እኔ ስለ እሱ ለሰው የምለውን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። የልጅቷም ድምፅ አብሮ ረገበ።

"እማዬ፣ ተቀመጪ። እኔ አለሁ።"

ተቀመጥኩ።

ከዚያ ልጄ ፈታኞቹን ወደ ውጭ ይዟቸው ወጣ፤ እኔም ተከተልኩ። የኮሌጁ ኮሪደር ጠባብ ነው። ከአስተርጓሚዋ ጋር ጎን ለጎን፣ እየተያዩ፣ በእጅ እያወሩ መሄድ ጀመሩ። ከወዲያ በኩል ወንበር የተሸከመ ሠራተኛ መጣ። እሱን ለማሳለፍ ልጅቷ ከኋላ ሆነች፤ ወሬውም እዚያው ቀረ። ልጄ ወደ ፈታኞቹ ዞረ።

"እናንተ ከኋላ ሆናችሁም ትሰማላችሁ" አለች ልጅቷ፣ የእሱን እጅ እያየች። "እኔ ካላየሁ ግን ወሬው አለቀ። ማደሪያው ለእኛም ጭምር ነው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አዩት።

"ስህተቱ የእኔ ነው" አሉ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልጄ አለፈ! ያቺ ባለ ጥቁር ሸሚዝ እንደ እኔ ብታለሳልስለት ኖሮ ይቅርታ ጠይቆ ይወድቅ ነበር። እንደ እሷ ያለ ሰው አላየሁም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነገርኳት። እሷ ደግሞ ይህንንም ለልጄ በእጇ አደረሰችው።

በሳምንቱ አክስቱ እንኳን ደስ ያለህ ልትል መጣች፣ ሌላ ቡናማ ሹራብ ይዛ። ልጄ አየውና እጁን አንቀሳቀሰ።

"ምን አለ?" አለችኝ።

እሱ እንዳለው አደረስኩላት። "አክስቴ፣ እወድሻለሁ፤ ይሄንን ግን አልለብስም።"

"አንቺን ማን ልበሺ አለሽ?"

"እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። እሱኑ አናግሪው።"

ሹራቡን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ተቀየመች ብዬ ስፈራ፣ ስንት ዓመት ለእኔ ስታወራ የኖረች ሴት ወደ ልጄ ዞረች።

"እና ምን ዓይነት ቀለም ነው የምትወደው?"

በእጄ አደረስኩለት። ሲመልስልኝ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ተናገርኩ።

"ሰማያዊ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማያዊ ነው የምወደው።"

ከሹራቦቹ ጋር እንዲገጥም ያን ሁሉ ቡናማ ሱሪ የሰፋሁለት እናቱ፣ እኔም ገና ያን ቀን መስማቴ ነው።