ዋናው ላይ የሌለው

እኔና ባለቤቴ ከተኳረፍን ወር ሊሞላን ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ እናወራለን። ሥራችን ነው። የማተሚያ ቤት አራሚዎች ነን፤ እሱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ የተተየበውን ይዤ እከተላለሁ። ነጠላ ሰረዙንም አራት ነጥቡንም በስሙ ይጠራል። ሰው ስለ ማዳበሪያና ስለ ጥርስ ሕመም የጻፈውን ሲነግረኝ ይውልና ወደ ቤት ስንሄድ አፉ ይዘጋል። የኔም እንደዚያው።

ጠቡ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሙ እራት ላይ በእንግዶች ፊት «እሷ እንደሆን የሰው ስህተት ስትለቅም ነው የምትኖረው» አለ፤ ባሌ ሳቀ። የወንድሙን አፍ ለምጄዋለሁ። የባሌ ሳቅ ግን አንጀቴን አሳረረው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይባስ ብሎ ለልጃችን «ሰኞ ወንድሜ ጋ እገባለሁ» አላት። ሻንጣው በር ሥር ቆሟል። እንዲሄድ አልፈልግም፤ ይህን ግን ለማን እነግራለሁ?

እሁድ ከሰዓት ልጃችን የሥነ ጽሑፍ ድርሰቷን ይዛ መጣች። በእጇ የጻፈችው አለ፣ ጓደኛዋ የተየበችላት አለ።

«ነገ ነው የማስረክበው። እንደ ሥራችሁ አድርጋችሁ እረሙልኝ» አለችና ልብሷን ልትተኩስ ሄደች።

ድርሰቱ ስለ አንድ ልቦለድ ነው፤ ልቦለዱ ስለ አንድ ባለወፍጮና ስለ ሚስቱ። ባሌ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«ባልየው ጥፋቱን ያውቃል ነጠላ ሰረዝ ነገር ግን ቃል አይወጣውም አራት ነጥብ ደራሲው ይህን ትዕግሥት ይለዋል ነጠላ ሰረዝ እኔ ግን ፍርሃት እለዋለሁ አራት ነጥብ»

እዚህ ላይ ቆመ።

«ቀጥል» አልኩት። የሥራ ቃል ስለሆነች አትቆጠርም።

«እኔም መሳቅ አልነበረብኝም አራት ነጥብ»

እርሳሴን በመስመሩ ላይ አስኬድኩ። ከላይም ከታችም ፈለግሁ።

«እኔ ጋ የለም።»

«ዋናው ላይ አለ።»

የሙያችን ሕግ አንድ ነው፤ ዋናው ላይ ያለ ነገር ከተተየበው ላይ ከተዘለለ ይገባል። አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁ። የልጄን የእጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ እንዲያ የሚል ነገር የለበትም። እሱ ጣቱን ባዶው ኅዳግ ላይ ተክሎ፣ ቀና ሳይል ይጠብቃል። አንጀቴን በላው።

«የት ነው የሚገባው?» አልኩት።

«‹ፍርሃት እለዋለሁ› ከሚለው ቀጥሎ።»

አስገባሁት።

ልጃችን በሁለት አራሚ ወላጅ ተማምና፣ እርማቱን ሁሉ እንዳለ አስተይባ አስረከበች። መምህሯ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ሥር በቀይ አስምሮ «ይህን የሚለው ማነው?» ብሎ ጻፈባት፤ ነጥብም ቀነሰባት። አሁን አኩራፊዋ እሷ ሆናለች። ትናንት እራት ላይ አባቷ «ጨው አቀብዪኝ» ቢላት ዝም አለችው፤ እኔ አቀበልኩት። ሻንጣው ቁም ሣጥን ላይ ተመልሷል።

መምህሩ ያነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ይህን የሚለው ባሌ ነው።