ኦዲኖ የመኪናዋን ቀለም ያየ ዕለት

ኦዲኖ ባልዲሴሪ ከብረታ ብረት ሥራው ጡረታ በወጣ በጥቂት ዓመቱ፣ ጣሪያ አልባ የሆነች አሮጌ የስፖርት መኪና ከአንድ ገበሬ የዶሮ ቤት ጎትቶ አወጣ። ዶሮዎቹ መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ሲጥሉባት ኖረዋል፤ ወለሏንም ዝገት በልቶታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ፈታት፣ በየዳት፣ መልሶ ገጣጠማት። በመጨረሻም ድሮ የነበራትን የክሬም ቀለም በዓይኑ ገምቶ፣ ራሱ በጥብጦ ቀባት። ያኔ ሰባ ስምንት ሞልቶታል።

ሞተሯ በተነሣ ሳምንት ግን የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ማየት አቃተው። ፊቱ ላይ ጭጋግ የተጋረደ መሰለው። አባቱ በዚሁ ዕድሜ ታውሮ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሞተው። ኦዲኖ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ዓይን ተመርምሮ የሚታደሰው የመንጃ ፈቃዱ ቀን ሲደርስም «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ሦስት ሳምንት ገፋ።

አንድ ቀን ጧት ሚስቱ ዴልፊና ጋራዡ ስትገባ፣ ወለሉን በእጁ እየዳበሰ የወደቀ ብሎን ሲፈልግ ደረሰችበት። ብሎኑ እፊቱ ነበር።

«ኦዲኖ፣ አይታይህም አይደል?»

«መብራቱ ደክሞ ነው።»

«አባትህም እንዲሁ እያሉ ነው ሐኪም ሳያያቸው የቀሩት። ኮትህን ልበስ!»

ፋዬንዛ ከተማ የዓይን ሐኪም ዘንድ የነዳችው እሷ ናት። ሐኪሟ ሁለቱንም ዓይኖቹን በመሣሪያዋ አየችለት።

«የዓይን ሞራ ነው። ምነው እስከዚህ ቆዩ?»

«አልታወርም?»

«ኧረ ምን በወጣዎ! እናወጣልዎታለን። ለአንዱ ዓይን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።»

ኦዲኖ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዴልፊና መሐረብ ሰጠችው፤ ወዲያው መልሳ ነጠቀችውና የራሷን እንባ ጠረገች።

ሁለተኛው ዓይኑ ከተሠራለት ከአሥር ቀን በኋላ ጋራዡን ከፈተ። ጩኸቱ ዴልፊናን ከጓሮ አስሮጣት።

«ማነው መኪናዬን ሰማያዊ የቀባት?»

«አንተ!»

«እኔ የቀባሁት ክሬም ነው!»

«ሐኪሟ ነግራኛለች፤ ሞራው ሁሉንም ነገር ቢጫ እያለበሰ ነበር የሚያሳይህ፤ ሰማያዊው ክሬም የመሰለህ ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ዝም ትሉኛላችሁ?»

«መንደርተኛውን ሰብስበህ ‹ክሬም ማለት ይኸዋ!› ስትል፣ ፊትህ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። በየትኛው አፌ ልንገርህ? ቄሱ እንኳ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ‹ታምራለች› አሉ።»

ኦዲኖ የወይን ሣጥን ላይ ዘጭ ብሎ ጎኑን እስኪያመው ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት «እንደገና ልፋቃት እንዴ?» አላት።

«ፋቃትና ሰማንያኛ ልደትህን እዚሁ ጋራዥ ውስጥ አክብር።»

መንጃ ፈቃዱን በዚያው ሳምንት አደሰ። እሑድ ሁለቱም ተያይዘው ተራራውን ወጡ። የመንገዱን ምልክት ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ዴልፊናን አሰለቻት። ጫፍ ላይ ደርሰው ፒያዲና የሚሉትን ቂጣ በአሳማ ሥጋ ከበሉ በኋላ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ወዲህ በል። ቁልቁለቱ የኔ ነው።»

ሰጣት። የመጀመሪያውን ኩርባ በቄንጥ ስትቆርጠው በሩን በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ኧረ ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት!»

«ፍሬኑን የሠራኸው አንተ አይደለህ? ምን ያስፈራሃል?»