የዳሲቱ ቁጥር

መምህር ፈቀደ ሴት ማሞገስ አያውቅበትም። ቢያሞግስም በሒሳብ ነው፤ ጉዱም የመጣው ከዚያው ነው።

አቃቂ ካለው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የቀን ፈረቃ ሲወጣ፣ ሠራተኞቹን ሰሌዳ ፊት አስቀምጦ ቁጥር ያስተምራል። ከተማሪዎቹ አንዷ የፈትል ክፍሏ ዳሲቱ ናት። መምህር ነውና እርስዎ ትለዋለች። ትምህርት ሲያልቅ እስከ ባቡር ሐዲዱ ይሸኛታል፤ እዚያ ሲደርሱ የልቡን ሊነግራት አፉን ይከፍትና «በይ ደኅና እደሪ» ብሎ ይመለሳል። ክረምቱ እንዲሁ አለቀ። ሰው እንዲህ ይፈራል?

አንድ ቀን ስለ ብቸኛ ቁጥር ሲያስተምር ዓይኑ ደረቷ ላይ ከተለጠፈው የሠራተኛ መለያ ላይ ዐረፈ፦ 10403። የፈትል ክፍል ቁጥር ከዐሥር ሺህ ነው የሚጀምረው። ፈቀደ ይህን ቁጥር ቤቱ ተቀምጦ ሲያካፍለው ሰንብቷል። በሦስት እምቢ፣ በሰባት እምቢ፣ በዐሥራ ሦስትም እምቢ ሲለው ጭራሽ ወደደው።

«ለምሳሌ የዳሲቱ ቁጥር ብቸኛ ነው» አለ ኮራ ብሎ። «ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።»

«ማንም?» አለች አስካለማርያም፣ ከዳሲቱ ማሽን አጠገብ የምትሠራው ነገረኛ።

«ማንም።»

ክፍሉ አውካካ። በማግስቱ ፋብሪካው ሁሉ «ብቸኛዋ» ይላት ጀመር። ወሬው እናቷ ጆሮ ሲገባ ደግሞ «አስተማሪው ልጄን ቆማ ትቀራለች አላት» ሆነ። ዳሲቱ ከትምህርት ቀረች።

ፈቀደ የሚገባበት ጠፋው። ለሱ ብቸኛ ማለት ማንም የማይሸራርፈው ማለት ነበር፤ ይህን ለማን ያስረዳ? ይወዳታል፣ ሊያገባት ይፈልጋል፣ እሷ ግን ተቀይማለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እርሳሱን አንሥቶ ቁጥሩን እንደ አዲስ ያዘው። ያን ጊዜ ያቆመው ዘጠና ሰባት ላይ ነው። መቶ ጊዜ መቶ ዐሥር ሺህ አይደል፣ ከመቶ ወዲያ ማን ይኖራል ብሎ ትቶት ነበር። አሁን መቶ አንድን ሞከረ። ድርሻው መቶ ሦስት፣ ቀሪ የለም። ፈቀደ በራሱ ሳቀ። አንድ እርምጃ ሲቀረው መመለስ ለካ አመሉ ነው።

ሰኞ ፊሽካው ሲነፋ በር ላይ ጠበቃት።

«ተሳስቻለሁ» አላት። «ቁጥርሽ ብቸኛ አይደለም። መቶ አንድ በመቶ ሦስት ሲባዛ የሚመጣው እሱ ነው። ብቸኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ ያንቺ ቁጥር የተገኘው እነሱ ተገናኝተው ነው።»

«ይህን ለእናቴ እርስዎ ይንገሯቸው» አለች ፊቷን አዙራ። ግን አብራው ሄደች።

ሐዲዱ ጋ ደረሱ። ፈቀደ አፉን ከፈተ፤ ዛሬ ግን አልተመለሰም፣ አብሯት ተሻገረ።

«መቶ አንዱ እኔ፣ መቶ ሦስቷ አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል» አለ።

ዳሲቱ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች።

«በመካከላቸው ስንት ቁጥር አለ፣ መምህር?»

«አንድ ብቻ። መቶ ሁለት።»

«በል እንግዲያ እሱን ሽማግሌ አድርገህ ላከው።»