አልፎ አልፎ ዝናብ

የእህቴ ባል የዝናብ አዋቂ ነው። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እኔም ዶክተር እለዋለሁ፣ በምን አፍ እንደምለው ግን እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ዕለት በር ላይ ቆሜ ሲያየኝ "ሰውዬ፣ መኪናዋን እያት" ያለኝ እሱ ነው። የልጅቷ ታላቅ ወንድም መሆኔ ሲነገረው ይቅርታ ጠየቀ። መኪናዋን ግን ስጠብቅ አመሸሁ፤ እህቴ ልጆች ጎማ እንዳያስተነፍሱ ሰግታ ነበር።

እኔ ጡብ ሠሪ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። እሷን ግን ዩኒቨርሲቲ ያደረስኳት ጭቃ ረግጬ ነው፤ እዚያ ደርሳ ያገኘችው እንግዲህ ይሄን ነው።

በዚያ ሰሞን ግቢዬ ሙሉ ጥሬ ጡብ ተደርድሮ ነበር። ጥሬ ጡብ እሳት እስኪነካው ድረስ ያው አፈር ነው፤ አንድ ደህና ዝናብ ካገኘው ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል። የሰፈሩ ጡብ ሠሪዎች ያለን እቶን አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ነው የምናነደው። የእኔ ተራ ይህ ነገር በሆነ በማግስቱ ነበር። እኔን ካለፈኝ ለሞላጫው ይደርሰዋል፤ ሞላጫ የምንለው ከድልድዩ ማዶ ያለውን ጡብ ሠሪ ነው። ከእሱ በኋላ ክረምቱ ይገባል፣ እቶኑም እስከ በጋ ይዘጋል። ጡቤ ሳይረጥብ ካደረ ዓመቱን በልቼ አድራለሁ፤ ከረጠበ ባዶ እጄን ቀረሁ።

ዶክተሩ በጠዋት ከእህቴ ጋር መጣ። የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ በጡቦቼ መሃል ተከለ፤ ፈቃድ የጠየቀኝ ከተከለ በኋላ ነው። ከዚያ "ለጋሼ ቀለል አድርጌ ላስረዳዎት" ብሎ ጀመረ፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው። ሰማይ ላይ አንዲት ሳተላይት አለች። የተላከችው ለምርምር እንጂ ለአየር ትንበያ አልነበረም፤ አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ስትለካ ትውላለች። እሱና ባልደረቦቹ ልኬቱን ወስደው ኮምፒውተራቸው ውስጥ ሲጨምሩት፣ ዝናቡ ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ሰፈር ለይቶ ይናገራል። ሬዲዮ አገሩን በሙሉ አንድ ደመና ሲያለብስ የኖረበት ዘመን አበቃ አለኝ። መልእክቱ በስልኬ ይመጣል፤ እኔ ያሻኝን አደርጋለሁ፤ እሱ ቆርቆሮውን አይቶ ትንበያው ልክ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጣል። ስልኬን ተቀብሎ ራሱ መዘገበኝ። እህቴ በዓይኗ ስለለመነችኝ ስልኬን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ።

ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። "ዛሬ ከሰዓት በኋላ በአካባቢዎ አልፎ አልፎ ከባድ ዝናብ ይጥላል" ይላል።

ሰማዩን አየሁት፤ ፀሐይ ነው። አንድ ትልቅ ሸራ አለኝ። ጡብ ግን በሸራ ሲታፈን ያልበዋል፤ ያላበው ጡብ ደግሞ እቶን ውስጥ ይሰነጠቃል። አልፎ አልፎ ካለ፣ ይጥልና ያባራል፣ ያባራና ይጥላል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እንግዲያው ጡቡ የመጨረሻዋን ፀሐይ ይጠጣ፤ ካፊያው ሲጀምር ሸራውን እዘረጋለሁ፣ ሲያባራ እገፍፈዋለሁ። ሸራውን እንደተጠቀለለ አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዶክተሩ መኪናው ውስጥ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ለብቻው ፈገግ ይላል። አንዴ ቀና ብሎ ሸራውን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ አቀረቀረ።

ካፊያ ብሎ ነገር አልነበረም። ንፋሱ ከጎን መጥቶ ሸራውን ከእጄ ነጠቀኝ፤ እህቴ ጫፉን እይዛለሁ ብላ ሮጣ በግንባሯ ተደፋች። ከዚያ ዶፉ ወረደ፤ ፋታ የሚባል አልሰጠም። ሲያባራ ግቢዬ ውስጥ የጡብ ቅርጽ የያዘ ነገር ጥቂት ነበር፤ እሱም ጣት ሲነካው ይሰምጣል። ከድልድዩ ማዶ፣ ሞላጫው ዘንድ፣ አቧራው እንደነበረ ነው።

ዶክተሩ ከመኪናው ወርዶ ወደ ቆርቆሮው ሮጠ፤ የተረፉትን ጡቦች እየረገጠ ነው የሮጠው። አየና "ልክ ነን" አለ። "ጋሼ፣ ልክ ነን።" ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። እጄን ሲያጣው ስልኩን አሳየኝ። ሰፈራችን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሏል፤ የእኔ ግቢ ያለበት ደማቅ ቀይ፣ የሞላጫው ነጭ።

"ይሄ መቼ መጣልህ?" አልኩት።

"ከመልእክቱ ጋር። እንዲያውም ትንሽ ቀደም ብሎ።"

"መልእክቱ አልፎ አልፎ ነው የሚለው።"

"አዎ። አንዱ ቦታ ይጥላል፣ አንዱን ቦታ ያልፈዋል። ቦታ ቦታውን ማለታችን ነው።"

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልፎ አልፎን ጊዜ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። አልፎ አልፎ ራሴን ያመኛል የሚል ሰው አንዴ ጆሮዬን አንዴ ማጅራቴን ማለቱ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ግቢዬን ለይታ ያየች ሳተላይት፣ ምድር ላይ በወጉ የሚያወራላት ሰው አጣች።

"ቀዩን እያየህ፣ ሸራዬ ተጠቅልሎ እያየህ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

ትንሽ አፈረ። ግን አማች እንደሚያፍር አይደለም፤ ተማሪ እንዳልገባው አስተማሪ ነው። "ብነግርዎትማ ሙከራው ይበላሽ ነበር፣ ጋሼ። ተጠቃሚው በመልእክቱ ብቻ ነው መወሰን ያለበት።"

ተጠቃሚው እኔ ነኝ። ጭቃው መሃል ቆሜ የተጠቀምኩትን አየሁት።

እጄ ሊሰነዘር እንደሆነ እህቴ ስላወቀች መሃላችን ገባች። ተራዬን ለሞላጫው መልቀቅ ደግሞ ነበረብኝ። ጡቤን "ብስኩት" ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ ደንበኞቼ እንኳ እስከ ዛሬ ብስኩት ስጠን ይሉኛል። እሱ ደጃፍ አልቆምም። ዶክተሩን "ሂድና አንተ ንገረው" አልኩት። "ነገ እቶኑ ያንተ ነው በለው።"

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ያ ጭቃ በዚያው ቀን ተረግጦ ካልተከመረ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ለበጋም አይሆንም። እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፣ እኔም ገባሁ። ጎን ለጎን ረገጥን።

"ይቅር በለው ብዬ አልለምንህም" አለችኝ።

"ደግ አደረግሽ" አልኳት።

ዶክተሩ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ሞላጫው ወንበር ስቦለታል፣ በጥሞና አዳምጦታል፣ በእኔ ላይ ስለደረሰው ከልቡ አዝኗል። አዝኗል አለኝ።

"በጣም ብልህ ሰው ነው" አለ። "ምንም አልጠየቀኝም፣ ስልኩን ብቻ ሰጠኝ። መዘገብኩት፤ ያው መልእክት ለእሱም ይመጣለታል።"

እህቴ ቀና ብላ አላየችውም። "ጫማህን አውልቅና ና" አለችው።

አውልቆ ገባ። ካልሲውን ረስቶታል፤ ነጭ ካልሲ ነው። እኔም አልነገርኩትም።